ወንጌልን በየቀኑ ለማሰላሰል፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላለ ሰው የሚሆን አሠራር

ደሴ ውስጥ መጽሐፍ ቅዱስ የሌለበት የክርስቲያን ቤት ማግኘት ይከብዳል። አንዱ ቤት በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ራስጌ ተቀምጧል። ሌላው ቤት ቡፌ ላይ ከሠርጉ ፎቶ ጎን ቆሟል። ስልኩ ላይ የጫነውማ ቁጥር የለውም። ስንቱ ቤት ይነበባል ቢባል ግን መልሱ ያሳፍራል።

ሰው ሳይሞክር ቀርቶ አይደለም። አብዛኛው በእንቁጣጣሽ ወይም በዐቢይ ጾም መግቢያ ቆርጦ ይነሣል። ማቴዎስ ምዕራፍ አንድን ይከፍታል። «አብርሃም ይስሐቅን ወለደ» ብሎ ይጀምርና ሰሎሞን ጋ ሲደርስ ዓይኑ ይከብደዋል። እልኸኛው ደግሞ በቀን አምስት ምዕራፍ እያለ ይሮጣል። ፍሬኑ እንደተበጠሰ መኪና፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐርጎን ቁልቁለት ይወርደዋል። ታች ሲደርስ መንገድ ላይ ምን አየህ ቢሉት አንድም ነገር አያስታውስም። በሁለተኛው ሳምንት መጽሐፉ ወደ ጨርቁ ይመለሳል።

የእኔ ሐሳብ አጭር ነው። በቀን አንድ ታሪክ ብቻ ይነበብ፤ እሱኑ ሁለቴ ሦስቴ። ከዚያ እስከ ማታ የሚሠራ አንድ ነገር ይውጣው። ሌላው ሁሉ ለዚህ ማገዣ ነው። ኦርቶዶክስ ስለሆንኩ ምሳሌዎቼ ከዚያው ይመጣሉ። «የጥሞና ጊዜ» እያሉ ይህንኑ ልማድ የያዙ ወንጌላውያንም ሆኑ ካቶሊኮች ከራሳቸው ሥርዓት ጋር እያገናኙ ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

ሰዓቱን ቁረጡ

አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ሰዓቱን ስትመርጡ ኑሯችሁን ተመልከቱ። «ሲመቸኝ አነባለሁ» ያለ ሰው ሲመቸው ይተኛል።

ደሴ ላይ ንጋቱ ራሱ ቀስቃሽ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ አዛኑም የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያም ተራ በተራ፣ አንዳንዴም አንድ ላይ ይሰማል። የነቃ ሰው ጋቢውን ደርቦ ይቀመጥ። ከጦሳ ተራራ በሚወርደው ብርድ ላይ ከብርድ ልብስ ሳይወጡ አነባለሁ ማለት ዘበት ነው፤ ሦስተኛው ቁጥር ላይ ማንኮራፋት ይጀመራል። ጌታም ማርቆስ 1፥35 ላይ «ማለዳም ተነሥቶ ገና ሌሊት ሳለ» ወጥቶ ሲጸልይ እናገኘዋለን።

ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ የሚሠራውስ? ሌሊቱን ቆሞ ያደረን ሰው በማለዳ ተነሥተህ አንብብ ማለት ግፍ ነው። ለእሱ «ማለዳ» ማለት ከእንቅልፉ የሚነሣበት ሰዓት ነው፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ቢሆንም። ፈረቃው በየሳምንቱ የሚለዋወጥ ከሆነ ንባቡን ከሰዓት ጋር ሳይሆን ከሚደጋገም ነገር ጋር እሰሩት። ፊት ከታጠቡ በኋላ፣ ምግብ ከመቅረቡ በፊት፤ ይኸው ነው።

ደሴ እያደሩ ኮምቦልቻ የሚሠሩም አሉ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጊዜውን ለመጠቀም ማሰብ ያለ ነው። ግን እባካችሁ ሚኒባስ ውስጥ አንገት ደፍታችሁ አታንቡ። ሐርጎ ላይ የሚከተለውን የቀመሰ ያውቀዋል፤ ረዳቱ ፌስታል ፍለጋ ይሯሯጣል። ቤት ያነበባችሁትን ክፍል በጆሮ ማዳመጫ ደግማችሁ ስሙት። ወይም ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ታሪኩን ለራሳችሁ ተርኩት። የት ጋ እንደሚጠፋችሁ ታያላችሁ።

ቦታው አንድ ይሁን። አንድ በርጩማ፣ አንድ ጥግ። ከተቻለ የወረቀት መጽሐፍ ይሻላል። ስልክ ብቻ ካላችሁ ዳታውን አጥፉት። ጌታን ሊያይ ሾላ ላይ ከወጣው ከዘኬዎስ ጋር ዛፉ ላይ ሳላችሁ የቴሌግራም መልእክት ጢጥ ቢል ያለጥርጥር ትወርዳላችሁ፤ ጌታ ሳይጠራችሁ።

ከየት ይጀመር?

ከማርቆስ። አራቱ ወንጌላት አንድ ላይ 89 ምዕራፍ ናቸው፦ ማቴዎስ 28፣ ማርቆስ 16፣ ሉቃስ 24፣ ዮሐንስ 21። ማርቆስ አጭሩ ነው። ወሬ አያበዛም፣ «ወዲያውም» እያለ ይሮጣል፣ ታሪኮቹም በአጫጭሩ የተቆራረጡ ናቸው። ለጀማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ ሉቃስ፣ ከዚያ ማቴዎስ፣ ዮሐንስ መጨረሻ። ዮሐንስን ከፊት አስቀድሞ የጀመረ ሰው ጥፋት አልሠራም፤ ግን ቶሎ ጥልቅ ውሃ ይገባል።

በቀን የሚነበበው አንድ ታሪክ ነው፤ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ቁጥር። ብዙዎቹ እትሞች ክፍሉን በርእስ ስለሚለዩት ማስላት አያስፈልግም። በዚህ አካሄድ ማርቆስ ሦስት አራት ወር ይወስዳል። ይውሰድ።

እሑድ ግን የራሳችሁን ተራ ትታችሁ ቤተ ክርስቲያን የምታነበውን ተከተሉ። የዕለቱን ምንባብ የሚያሳየው ግጻዌ ነው። ከጳውሎስ መልእክት፣ ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክት፣ ከሐዋርያት ሥራ፣ ከምስባኩና ከወንጌሉ የትኛው እንደሚነበብ በየቀኑ ተለይቶ ተቀምጧል። ምስባኩ ከዳዊት መዝሙር የወጣ ስለሆነ ቤት ገብቶ መዝሙሩን ሙሉውን ማየት ደስ ይላል። ያ መዝሙር ከዚያ ወንጌል ጋር ለምን እንደተሰማ ሲገባችሁ፣ ቅዳሴው ከዚያ ወዲህ በጆሮ ብቻ አያልፍም።

ዐቢይ ጾም ላይ ከሆናችሁ እሑዶቹ ራሳቸው ጥሩ መንገድ ናቸው። ዘወረደ ዮሐንስ 3 ነው። ቅድስት ማቴዎስ 6፣ ምኩራብ ዮሐንስ 2፣ መፃጉዕ ዮሐንስ 5፣ ደብረ ዘይት ማቴዎስ 24፣ ገብር ኄር ማቴዎስ 25፣ ኒቆዲሞስ ደግሞ እንደገና ዮሐንስ 3። የእሑዱን ወንጌል ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በትንሽ በትንሹ ከፋፍሎ ማንበብ ይቻላል። ያኔ ማርቆስ ይጠብቃል።

ስለ ትርጉሙ ብዙ አትጨነቁ። የ1954ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ቋንቋ ከከበዳችሁ የ1980ውን ትርጉም ከጎኑ ዘርጉ። አንዱ ላይ የጨለመው ሌላው ላይ ይበራል።

ሲነበብ

ቁሙ። አማትቡ። «አባታችን ሆይ» በሉ። ቅዳሴ ላይ ወንጌል ሲነበብ የምንቆመው ያለ ምክንያት አይደለምና ቤትም ቢያንስ የመጀመሪያውን ንባብ ቆማችሁ አድርጉት። ጉልበት የሚያመው ሰው ይቀመጥ።

ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። ሹክሹክታም ቢሆን። በዓይን ብቻ የሚያነብ ሰው የሚያውቀውን ታሪክ ይዘለዋል፤ ከንፈር ግን አይዘልም። የመጀመሪያው ንባብ ታሪኩን ለመከተል ነው። ሁለተኛው ዝግ ብሎ፣ እየቆሙ ነው። ከዚያ አራት ጥያቄ ይቀርባል፦ ማን አለ፣ ምንስ አደረገ? ጌታ ምን አለ፣ ምንስ ሳይል ቀረ? እኔ ከእነዚህ ሰዎች የትኛው ነኝ? ዛሬ ምን ላድርግ?

ነገሩ በወሬ አይገባምና አንድ ታሪክ አብረን እንሥራ።

ዘኬዎስ፣ ሉቃስ 19፥1-10

ይህን የመረጥኩት ደሴ የነጋዴ ከተማ ስለሆነች ነው። ከተማው ኢያሪኮ። ሰውየው የቀራጮች አለቃና ባለጠጋ። ጌታን ሊያይ ይፈልጋል፤ ቁመቱ አጭር ስለሆነ ሕዝቡ ጋረደው። ወደ ፊት ሮጦ ሾላ ላይ ወጣ። ጌታ ከሥሩ ደርሶ ቀና አለና ጠራው፣ ቤቱም ገባ። ሰው አንጐራጐረ። ዘኬዎስ ቆሞ ግማሽ ሀብቱን ለድሆች፣ ለበደላቸው ደግሞ አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገባ።

ማን አለ፣ ምን አደረገ? እዚህ ላይ ትርጓሜ አያስፈልግም፤ ማየት ብቻ። «ሮጠ» የምትለዋ ላይ ቁሙ። ባለጠጋ፣ አለቃ የሆነ ሰው መንገድ ላይ ሮጠ። ፒያሳ ላይ የታወቀ ጅምላ ነጋዴ ኮቱን እንደለበሰ በሰው መካከል ሲሮጥና ዛፍ ላይ ሲንጠለጠል አስቡት። የባጃጅ ሾፌሮቹ የሚሉትን አስቡ። ሾላን ደግሞ የወሎ ሰው ያውቀዋል። ሰፊ ነው፣ ቅርንጫፉ ዝቅ ይላል፣ ልጆች የሚጫወቱበት ነው። ሰውየው ክብሩን ሾላው ሥር ጥሎ ነው የወጣው።

ጌታ ምን አለ፣ ምንስ ሳይል ቀረ? በስሙ ጠራው። «ዘኬዎስ ሆይ» አለው፤ ሌላው ሁሉ «ቀራጩ» ሲለው። «መጀመሪያ የበላኸውን መልስ» አላለውም። ዛፉ ላይ እያለ አልሰበከውም። ቤትህ ልውል ይገባኛልና ፈጥነህ ውረድ አለው፤ በቃ። የመመለሱ ነገር የወጣው ከዘኬዎስ ከራሱ አፍ ነው፤ ያውም አራት እጥፍ አድርጎ። እዚህ ጋ ደቂቃ ሁለት ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። ልጅ ለሚያሳድግ፣ ሠራተኛ ለሚያስተዳድር ሰው ብዙ የሚታሰብ አለው።

እኔ የትኛው ነኝ? ሁላችንም ዘኬዎስን ለመሆን እንሽቀዳደማለን። ይጥማል፤ በመጨረሻ የሚጠራው እሱ ነዋ። እስቲ አንድ ቀን ደግሞ ሕዝቡን ሁኑ። ሕዝቡ ሁለት ነገር አድርጓል፤ መጀመሪያ ጋረደ፣ ኋላ አንጐራጐረ። ያንጐራጐረው ደግሞ ሐሰት ይዞ አይደለም። «ከኃጢአተኛ ሰው ጋር ሊውል ገባ» አሉ፤ ሰውየው በእርግጥም ኃጢአተኛ ነበር። እውነት ይዘው ነው ከደስታው ውጭ የቀሩት። ሲጠጣ የምናውቀው ጎረቤት ነጠላውን አጣፍቶ ሲመጣ «ዛሬ ደግሞ ምን ተገኘ?» ብለን የተጠቃቀስን ሰዎች እዚህ ጋ ራሳችንን እናገኛለን።

ዛሬ ምን ላድርግ? ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። መልሱ በጣም ያምራል፣ ግን አይያዝም። «ከእንግዲህ ታማኝ እሆናለሁ»፣ «ፍቅር ይኖረኛል»። ይህ ምኞት ነው። ተግባር ማለት ሰው ያለው፣ ቦታ ያለው፣ እስከ ማታ የሚያልቅ ነገር ነው። እንበልና ሰኞ ገበያ እህል ትሸጣላችሁ። ሚዛኑ ትንሽ እንደሚያጎድል ካወቃችሁ ቆይቷል። የዛሬ ተግባራችሁ ሱቅ ሳይከፈት ሚዛኑን ማስተካከል ነው። ትናንት የጎደለባትን ደንበኛ የምታውቋት ከሆነ ደግሞ የጎደለውን ጨምሮ መስጠት። ምክንያቱን መንገር ከከበዳችሁ ምርቃት ነው በሏት፤ መስጠቱ አይቅር። ባጃጅ ነጂ ከሆናችሁ ማታ ዝናብ ሲጥል ሰው መሄጃ እንደሌለው አይታችሁ ዋጋ የምትሰቅሉባት ሰዓት አለች። ዛሬ ያቺ ሰዓት ስትመጣ በቀኑ ዋጋ ጫኑ። አንድ ሰውም ቢሆን።

ነጋዴ ያልሆነ ሰውም ከዚህ ታሪክ ባዶ እጁን አይወጣም። በስም የመጥራቱን ነገር ውሰዱ። በየጠዋቱ ጫማችሁን የሚጠርግላችሁ ልጅ ማን ይባላል? «ሊስትሮ!» ብላችሁ ከጠራችሁት ዓመት ሊሞላው ይችላል። ዛሬ ስሙን ጠይቁት። ነገም በስሙ ጥሩት። ትንሽ ነው? አዎ፣ ትንሽ ነው። ትንሹን የመረጥኩት ስለሚሠራ ነው።

ደብተሩ

ርካሹም ውዱም ደብተር ይሆናል። የምትጽፉት ሦስት መስመር ነው፤ ምንባቡን፣ ያያችሁትን አንድ ነገር፣ ተግባሩን። እንዲህ፦

«ጥር 12። ሉቃስ 19፥1-10። ሕዝቡ እውነት ይዘው አንጐራጐሩ። ዛሬ፦ የሊስትሮውን ልጅ ስም መጠየቅ።»

ከዚህ በላይ ከሞከራችሁ በሳምንቱ ይሰለቻችኋል። ስለ ስሜታችሁ ገጽ ሙሉ መጻፍ የሚወድ ሰው ካለ ሌላ ደብተር ይያዝ።

ወንጌል አጠገብ መጻፍ ለእኛ ሰፈር አዲስ ነገር አይደለም። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተምሩበት የነበረው ገዳም ነው። ከእሳቸው ዘመን የተረፈው፣ በስማቸው የሚጠራው የብራና አራቱ ወንጌል ባዶ ገጾቹ ላይ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ሰፍሮበታል። በጥንቱ ልማድ የርስትና የንብረት ጉዳይ ወንጌል ላይ ይጻፍ ነበር፤ እዚያ ላይ የሰፈረን ነገር ማንም ደፍሮ አይፍቀውምና። የእናንተ ሦስት መስመር የርስት ክርክር አይፈታም። ግን ወንጌሉ ጎን ቀን ተጽፎበት የተቀመጠ ነገር ማታ ላይ ይጠይቃችኋል።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ ከታሪኩ በወጣ አንድ ዓረፍተ ነገር ጸልዩ። በዘኬዎስ ቀን «ጌታ ሆይ፣ እኔንም በስሜ ጥራኝ፤ ከተደበቅሁበትም አውርደኝ» ቢሆን ይበቃል። ውዳሴ ማርያምና የዘወትር ጸሎት የሚያደርስ ሰው ይህን ከዚያ ላይ ይጨምር እንጂ በዚህ አይተካው።

ከታሪኩ ደግሞ አንዲት ሐረግ ለቀኑ ያዙ። «ፈጥነህ ውረድ»። ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ቢሮ ደረጃ ላይ፣ ሊጥ እያቦኩ፣ ከሰው ጋር ለመነታረክ አፍ ሲከፈት። የምትይዟት አንድ ብቻ ትሁን።

ማታ

ሦስት ደቂቃ። ደብተሩን ክፈቱ። ተግባሩ ከተሠራ ምልክት አድርጉ። ካልተሠራ ለምን እንደቀረ ለራሳችሁ በአንድ ቃል ንገሩ፦ ረሳሁ፣ ፈራሁ፣ ሰነፍኩ፣ ሰውየው አልተገኘም። እነዚህ አራቱ መድኃኒታቸው አንድ አይደለም። የረሳ ሰው ወረቀት ኪሱ ይክተት። የፈራ ሰው ተግባሩን ያሳንሰው፤ ይቅርታ በአካል መጠየቅ ካስፈራው በስልክ ይጀምር። ሰውየው ካልተገኘ ነገ አለ።

ራስን መውቀጥ አያስፈልግም። እየተመላለሰ የሚጥላችሁ አንድ ነገር ካለ ግን ደብተሩ ላይ ቶሎ ይታወቃል። ሦስት አራት ጊዜ «ተቆጣሁ» የሚል ከተጻፈ ይህን ይዛችሁ ንስሐ አባታችሁ ዘንድ ሂዱ። «አባ፣ ኃጢአቴ ብዙ ነው» ብሎ በጅምላ ከመናገር «ማታ ማታ ከሥራ ስገባ ልጆቼ ላይ እጮኻለሁ» ማለት ለእሳቸውም ምክር ለመስጠት ይመቻል።

የማይገባ ቦታ ሲመጣ

ይመጣል። ማርቆስ 11 ላይ ጌታ የበለስ ዛፍ ይረግማል፤ ወንጌላዊው ደግሞ የበለስ ወራት እንዳልነበረ ይነግረናል። ታዲያ ዛፉ ምን አጠፋ? ምዕራፍ 7 ላይ ልጇን ርኩስ መንፈስ የያዘባት የሌላ አገር ሴት መጣች። የጌታ የመጀመሪያ መልስ ለጆሮ ይከብዳል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ቶሎ መልስ ፈጥሮ ማለፍ መጥፎ ልማድ ነው። ደብተሩ ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጉና በገባችሁ ነገር ቀኑን ዋሉ። ከሴትዮዋ ታሪክ ሌላው ቢቀር እስኪሰጣት ድረስ አለመሄዷ ይታያል።

ጥያቄዎቹን አጠራቅማችሁ ለሚያውቅ ሰው አቅርቡ። አንድምታ ትርጓሜ የተማሩ መምህራን ያሉበት ደብር ካለ ዕድለኞች ናችሁ። አንድምታ አንዱን ቃል «አንድም» እያለ በብዙ በኩል ያየዋልና እናንተ የቆማችሁበት ቦታ ላይ አባቶች አስቀድመው ቆመውበታል። መጽሐፉም በአማርኛ ታትሟል። ሰንበት ትምህርት ቤትም ጠይቁ። ቲክቶክን የመጨረሻ አድርጉት፤ እዚያ ላይ የበለሷን ምሥጢር በሠላሳ ሴኮንድ የሚፈታ አይጠፋም።

ሲደርቅና ሲቋረጥ

አንዳንድ ሳምንት ምንም አይሰማችሁም። ታሪኩ ያው ታሪክ፣ እናንተም ያው እናንተ። አብሽር! አንብቡና ተግባሩን ሥሩ። ስሜት ሳይኖር የተሠራች ተግባር ዋጋዋ አይቀንስም። እንደውም እኔ ለእሷ የበለጠ ክብር አለኝ።

ቀን ቢያልፋችሁ ያለፈውን ለማካካስ አትሞክሩ። ልጅ ታሞ ሆስፒታል ያደረ ሰው፣ ለቅሶ ላይ የሰነበተ ሰው የአራት ቀን ንባብ ዕዳ አለብኝ ብሎ በአንድ ጠዋት ቢያግበሰብስ ወደ ጥንቱ ሩጫ ተመለሰ ማለት ነው። ካቆማችሁበት ቀጥሉ። መብራት ቢጠፋ ሻማ አለ። ሻማም ከሌለ ትናንት ያነበባችሁትን በቃላችሁ አስታውሱ።

ከሰው ጋር

ለብቻ የተጀመረ ነገር ለብቻው ይሞታል። ሦስት ወይም አራት ሰው በሳምንት አንድ ቀን ይገናኝ፤ ቡና ላይ ቢሆን ወሎ ውስጥ የሚቀድመው የለም። አቦሉ ሲቀዳ አንድ ሰው የሳምንቱን አንድ ታሪክ ያንብብ። ቶናው ላይ እያንዳንዱ ያየውን አንድ ነገር ይናገር። በረካው ላይ ያልሠራውን ተግባር። አዎ፣ ያልሠራውን። የሠራውን መናገር ቶሎ ወደ ፉክክር ይሄዳል። አንድ ሰው ስብከት ከጀመረ ስኒውን ሙሉለት። ልጆችም ይቀመጡ፤ «እኔ የትኛው ነኝ?» የሚለውን ጥያቄ ከትልቅ ሰው በላይ በድፍረት ይመልሱታል።

ሌላም ነገር አለ። እዚህ አገር ክርስቲያን ሆኖ የሙስሊም ጎረቤት የሌለው የለም። ቅሬው፣ ማለትም እድሩ፣ ድንኳን ተከላውን፣ ለቅሶ መድረሱን አንድ ላይ አድርጎናል፤ በብዙ ቤት ደግሞ ዘመዱም ድብልቅ ነው። ወንጌል ማንበብ ስትጀምሩ ጎረቤት ላይ መከራከሪያ እንዳይሆን። ይልቅ ተግባራችሁ ከሃይማኖት ቤታችሁ አጥር እንዲወጣ በሳምንት አንዱን ወደዚያ አዙሩት። የታመሙትን እማማን መጠየቅ፣ ተራ ሳይደርስባችሁ የቅሬውን ዕቃ ማጠብ፣ ያቋረጣችሁትን ሰላምታ መመለስ። የደጉ ሳምራዊ ታሪክ ሉቃስ 10 ላይ ሲደርስ፣ ለዚያ ታሪክ ማብራሪያ መጽሐፍ ከምንፈልግ ይልቅ ዞር ብለን መንደራችንን ብናይ ይሻላል።

ማደጌን በምን አውቃለሁ ለሚል፦ የቤቱን ሰው ይጠይቅ። ሚስት፣ ባል፣ እናት፣ የሥራ ባልደረባ። ያነበቡትን ምዕራፍ መቁጠር ብዙ አይናገርም። «ድሮ እንዲህ ስልህ ትነሣብኝ ነበር» የሚል ሰው ከተገኘ ግን ያ ይናገራል።

የመጀመሪያው ሳምንት

ሰኞ ማርቆስ 1፥1-8፤ ዮሐንስ መጥምቅ። ማክሰኞ 1፥9-15፤ ጥምቀቱና ፈተናው። ረቡዕ 1፥16-20፤ መረባቸውን የተዉት ዓሣ አጥማጆች። እዚህ ላይ የቀሩትን ልብ በሉ፤ አባታቸው ዘብዴዎስ ከሞያተኞቹ ጋር ታንኳው ላይ ነው። ሐሙስ 1፥21-28፤ የቅፍርናሆም ምኩራብ። ዓርብ 1፥29-39፤ የስምዖን አማት ንዳድ ይዟት ተኝታለች፣ ማታ ከተማው ሁሉ ደጅ ላይ ተሰብስቧል፣ ሌሊት ደግሞ ጌታ ለብቻው ሊጸልይ ወጥቷል። ይህ ክፍል በአንድ ቀን ካልተያዘ ለሁለት ክፈሉት። ቅዳሜ 1፥40-45፤ ለምጻሙ። ጌታ ከማዳኑ በፊት እጁን ዘርግቶ ዳስሶታልና የዚያን ቀን ተግባር ከዚያ እጅ ፈልጉት። እሑድ ማርቆስ ይረፍ፤ ቤተ ክርስቲያን የተነበበውን ወንጌል ምዕራፉን ይዛችሁ ወደ ቤት ተመለሱ። ሰኞ ደግሞ ምዕራፍ 2 ከቁጥር 1 እስከ 12።